የጓሮ ዶሮ እርባታ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ፦ ጫጩትን ከብርድና ከፈንግል የመጠበቅ ዘዴ

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች ዶሮ የሌለበት የአርሶ አደር ግቢ ጥቂት ነው። ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ በአብዛኛው በእናቶች እጅ የሚገባ ሲሆን፣ ለጨው፣ ለቡና፣ ለሳሙና፣ ለደብተርና ለሕክምና ወጪ ይውላል። በግ ለመሸጥ የማያበቃ፣ ነገር ግን ሊዘገይ የማይችል ወጪ ሲያጋጥም የቤተሰቡ መፍትሔ ዶሮ ናት።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሀብት የሚገኘው ጥቅም ሊገኝ ከሚችለው በእጅጉ ያነሰ ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የአገር ውስጥ ዶሮ እንቁላል አነስተኛ መሆኑ ነው። አንዲት የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል የምትጥል በመሆኑ ምክንያቱ እውነትነት አለው። ሆኖም ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ ነው። በባህላዊ አያያዝ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጡት፣ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ስለዚህ አነስተኛ የጓሮ እርባታ የሚጀምር ቤተሰብ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ጉዳይ ብዙ ዶሮ መግዛት ሳይሆን የተፈለፈለውን ጫጩት በሕይወት ማቆየት ነው።

የልዩነቱን መጠን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሦስት ዶሮዎች እያንዳንዳቸው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 12 እንቁላል ቢታቀፉና ከ12ቱ 9 ቢፈለፈል በዓመት 54 ጫጩት ይገኛል። ከ9ኙ 4 ብቻ የሚተርፍ ከሆነ የሚያድገው 24 ነው፤ 7 የሚተርፍ ከሆነ ግን 42 ይሆናል። አንድም ዶሮና አንድም እንቁላል ሳይጨመር የ18 ዶሮ ብልጫ ይገኛል ማለት ነው።

የአካባቢው ጠባይ

መንዝና ግሼ ሰፊ ክፍላቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ገብስ የሚበዛበት፣ ነፋሻማና ብርዳማ ደጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። በክረምት ደግሞ ብርዱ ከእርጥበትና ከጉም ጋር ይደራረባል። መርሐ ቤቴ በአንጻሩ ከዓለም ከተማ አካባቢ ወይና ደጋ ተነሥቶ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ቆላ የሚወርድ በመሆኑ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የዶሮ አያያዝ ሊለያይ ይገባል።

በደጋው ዋናው የጫጩት ጠላት ብርድ ነው። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ሰውነቱን ራሱ ማሞቅ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያስፈልገዋል። ይህም በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል። በሸለቆው ግን ከብርድ ይልቅ ሙቀት፣ ቅማልና መዥገር ስለሚያስቸግሩ ጥላና አየር እንደልብ የሚያስገባ ቤት ይመረጣል። አንገተ መላጣ የሚባሉት ዶሮዎች ሙቀት የመቋቋም ብቃታቸው ከፍተኛ በመሆኑ ለሸለቆው ይስማማሉ፤ ለመንዝ ብርድ ግን ላባቸው የተሟላ ዶሮዎች ይሻላሉ።

በስንት ዶሮ መጀመር ይገባል?

ለመነሻ ከሦስት እስከ አምስት እናት ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ በቂ ነው። አንድ አውራ ዶሮ ከ8 እስከ 10 ለሚደርሱ ሴቶች ይበቃል። በአነስተኛ ቁጥር መጀመር ቤቱን፣ መኖውንና ክትባቱን ለመለማመድ ጊዜ ይሰጣል። ስህተት ቢፈጠርም ጉዳቱ ቤተሰቡን አይጎዳም።

ዶሮ ሲመረጥ ዐይኗ የጠራ፣ ኩክኒዋ የቀላ፣ አፍንጫዋ ንጹሕ፣ እግሯ ቅርፊት ያልሠራ፣ ፊንጢጣዋ በፈሳሽ ኩስ ያልተበከለ መሆኑ ሊታይ ይገባል። እናት ዶሮ ጥሩ ታቃፊና ጫጩት ጠባቂ መሆኗ ስለሚታወቅ ከገበያ ከመግዛት ይልቅ ከሚታወቅ ጎረቤት መግዛት ይመረጣል። አውራ ዶሮው ግን ከሌላ መንደር ቢመጣ ይሻላል። ለዓመታት በአንድ ግቢ ውስጥ የቆየ አውራ ዶሮ ከልጆቹ ጋር ስለሚራባ የጫጩቶቹ ጥንካሬና የመፈልፈል መጠን ይቀንሳል። በመሆኑም አውራ ዶሮን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ያስፈልጋል። በበዓል ገበያ ቀይ መልክና ድርብ ኩክኒ ያለው አውራ ዶሮ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ ይህንንም በምርጫው ማካተት ተገቢ ነው።

አዲስ የተገዛ ማንኛውም ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለ14 ቀናት ለብቻው ተለይቶ ሊቆይ ይገባል። ብዙ የፈንግል ወረርሽኝ ወደ መንደር የሚገባው ከገበያ በተገዛ አንድ ዶሮ ነው።

የዶሮ ቤት

በአካባቢው ዶሮዎች ብዙ ጊዜ የሚያድሩት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ባለ ቆጥ ላይ ነው። ይህ ልማድ ከብርድና ከሸለምጥማጥ ቢያድናቸውም ኩሱና አቧራው ለቤተሰቡ፣ በተለይም ለሕፃናት ጤና ጎጂ ነው። ቅማልና ቁንጫም ያበዛል። ስለዚህ ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የሚሠራ ራሱን የቻለ አነስተኛ ቤት ይመከራል። ከምድጃው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ከመኖሪያ ቤቱ ሙቀት ይካፈላል።

መንዝ እንጨት የሚያጥርበት፣ ድንጋይ ግን የሞላበት አገር በመሆኑ በጭቃ የተመረገ የድንጋይ ካብ ግድግዳና የሣር ክዳን ወጪ ቆጣቢ ነው። በአካባቢው ለቤት ክዳን የሚያገለግለው የጓሳ ሣርም ብርድን በደንብ ይከላከላል። በግንባታው የሚከተሉት ነጥቦች ሊሟሉ ይገባል።

- ስፋት፦ በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ዶሮ። ለ10 ዶሮ 2 በ1.25 ሜትር የሆነ ቤት በቂ ነው።
- አየር፦ መስኮቱ ከቆጡ ከፍታ በላይ፣ በጣሪያው ሥር ይሁን። ዶሮዎቹ በሚያድሩበት ከፍታ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይኑር። ብርድን በመፍራት ቤቱን ሙሉ በሙሉ መድፈን ግን የኩሱ ሽታ እንዲታፈንና የመተንፈሻ በሽታ እንዲነሣ ያደርጋል።
- አቅጣጫ፦ በሩና መስኮቱ የጧት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ጀርባው ነፋስ ወደሚመጣበት ወገን የዞረ ይሁን።
- ቆጥ፦ ለአንድ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ጠርዙ የለሰለሰ የባሕር ዛፍ አጣና።
- የእንቁላል መጣያ፦ ለ4 ወይም 5 ዶሮ አንድ፤ ስፋቱም ቁመቱም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ ጨለም ባለ ጥግ የሚቀመጥ።
- ጉዝጓዝ፦ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የገብስ ጭድ። ሲረጥብ ወዲያውኑ ይለወጣል፤ የወጣውም ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ከቤቱ ደጅ በደረቅ ቦታ አመድና አሸዋ የተቀላቀለበት ጉድጓድ ማዘጋጀት ዶሮዎቹ ገላቸውን እያሹ ቅማልን እንዲቀንሱ ይረዳቸዋል።

የማስታቀፊያ ወቅት

በደጋው ጫጩት በማንኛውም ወር ማስፈልፈል አይመከርም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚፈለፈለው ጫጩት በዝናብና በጭቃ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚፈለፈለው ደግሞ በውርጭ ይጎዳል። የተሻለው ጊዜ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ማስታቀፍ ነው። በዚህ ጊዜ ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ በዐውድማና በግቢ የተራገፈ እህልም ይገኛል። እንቁላል በ21 ቀን ስለሚፈለፈል በጥር አጋማሽ የታቀፈው በየካቲት መጀመሪያ ይወጣል፤ ስምንተኛ ሳምንቱንም ክረምት ሳይገባ ይጨርሳል። የበልግ ዝናብና በረዶ በሚጥልባቸው ቀናት ግን ጫጩቶቹን ከቤት አለማውጣት ያስፈልጋል።

ይህ ወቅት ሌላም ጥቅም አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል። በርካሽ ከሚሸጠው እንቁላል ጥሩ ጥሩውን መርጦ ማስታቀፍ ዋጋ ያጣውን ምርት ወደ ዶሮ ይለውጠዋል። በየካቲት መጀመሪያ የተፈለፈለ አውራ ጫጩት በእንቁጣጣሽ ሰባት ወር ስለሚሆነው ለበዓል ገበያ ይደርሳል።

ለማስታቀፍ የሚመረጠው እንቁላል መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀ፣ ንጹሕና ከተጣለ ከ7 እስከ 10 ቀን ያላለፈው መሆን አለበት። እንቁላሉ አይታጠብም። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ከእሳትም ከውርጭም ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። ለአንዲት የሀበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል፤ በብርዳማ ስፍራ ከዚህ በላይ ማሳቀፍ በዳር ያሉት እንዲቀዘቅዙ ያደርጋል። በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በእጅ ባትሪ ወይም በስልክ መብራት ፊት ይዞ ማየት ይቻላል። የደም ሥር የሚታይበት ሕይወት አለው፤ እንደ አዲስ እንቁላል ጠርቶ የሚታየው ግን ስላልዳበረ ይወጣል። ታቃፊዋ ዶሮ መኖና ውኃ በቅርብ ካላገኘች ከእንቁላሉ ርቃ ስለምትቆይ ሁለቱም አጠገቧ ሊቀመጡላት ይገባል።

ወሳኞቹ ስምንት ሳምንታት

ጫጩቶች ከእናታቸው ጋር ከተፈለፈሉበት ቀን ጀምሮ ሜዳ ለሜዳ ሲንከራተቱ ብርድ፣ ጭልፊት፣ ድመትና ረኀብ ይጨርሷቸዋል። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እናቲቱ ከጫጩቶቿ ጋር በቤት ውስጥ ወይም በቅርጫት ሥር ተከልላ እንድትቆይ፣ ከዚያም ፀሐይ ሲሞቅ ብቻ ለጥቂት ሰዓት እንድትወጣ ማድረግ ብዙ ሞት ያስቀራል።

ቁጥራቸው የበዛ ጫጩቶችን ያለ እናት ለማሳደግ በኢትዮጵያ ለገጠር የተስፋፋው ዘዴ ሣር የተሞላ የጫጩት ማሳደጊያ ሣጥን ነው። ሣጥኑ መብራትም ከሰልም አይፈልግም። ዙሪያውና ክዳኑ በደረቅ ሣር ወይም ጭድ ይታጨቃል፤ መካከሉ እንደ ጎጆ ክፍት ይተዋል። ጫጩቶቹ ሲገቡበት የራሳቸው ሰውነት የሚያወጣው ሙቀት በጭዱ ታፍኖ ያሞቃቸዋል። ከፊቱ በሽቦ ወይም በእንጨት የታጠረ ትንሽ መዋያ ይያያዛል፤ ቀን በዚያ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ሲበርዳቸው ተመልሰው ይገባሉ። በክዳኑ ላይ አየር መተላለፊያ ትናንሽ ቀዳዳዎች የግድ ያስፈልጋሉ። ጭዱም በኩስ ሲረጥብ ሙቀት መያዙን ስለሚያቆም በየጊዜው ይለወጣል። ሣጥኑ ሙቀት የሚይዘው በቂ ጫጩት ሲኖርበት በመሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ዶሮዎችን በአንድ ቀን አስታቅፎ ጫጩቶቻቸውን በአንድ ላይ ማስገባት ይመረጣል።

ዘዴው ለእናት ዶሮዋም ይጠቅማል። ጫጩት የምታሳድግ ዶሮ ለሁለት ወር ያህልና ከዚያም በላይ እንቁላል አትጥልም፤ ጫጩቶቿ ሲወሰዱላት ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ መጣል ትመለሳለች።

በከሰል ማሞቅ የሚፈልግ አርቢ ከሰሉ ከደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ብቻ ሊያስገባው፣ ክፍሉንም ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው አይገባም። ሙቀቱ ተስማሚ መሆኑ ከጫጩቶቹ ሁኔታ ይታወቃል። ተጨናንቀው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር የሚሸሹ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል፤ ተበታትነው የሚበሉና የሚተኙ ከሆነ ተስማምቷቸዋል።

መኖና ውኃ

ጫጩት በስምንት ሳምንት ውስጥ የሚበላው በጠቅላላው ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም መኖ ነው። መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ገንቢነቱ ከፍተኛ ሊሆን ይገባል። ፋብሪካ የተዘጋጀ የጫጩት መኖ ከተገኘ ይመረጣል። ካልተገኘ ደቆ የተፈጨ ገብስ ወይም ስንዴ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ባቄላና የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅሎ፣ ከተከተፈ ጎመን ጋር ይሰጣል። መኖውን በተገለበጠ ሰፋ ያለ ቅርጫት ሥር ማስቀመጥ ትልልቆቹ ዶሮዎች እንዳይሻሙባቸው ያደርጋል። ውኃ በዝርግ ዕቃ፣ ጫጩቶቹ እንዳይሰጥሙ ንጹሕ ጠጠር ተደርጎበት ይሰጣል፤ በውርጭ ወቅት ጧት ለብ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ግቢ ጭራ የምታድር ትልቅ ዶሮ ማታ ከ30 እስከ 50 ግራም ተጨማሪ መኖ ብታገኝ እንቁላሏ ይጨምራል። ሙሉ በሙሉ በቤት የምትመገብ ጣይ ዶሮ ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖና የዚያን እጥፍ ያህል ውኃ ትፈልጋለች። ለድጎማ ገብስ፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የደረቀ የጠላ አተላ ያገለግላሉ። እርጥብ አተላ ቶሎ ስለሚበላሽ ሳይደርቅ አይቀመጥም። የእንቁላል ቅርፊት እንዲጠነክር የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም ተቆልቶ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት መጨመር ያስፈልጋል። የሻገተ እህል ለዶሮ መስጠት ለጉበት መመረዝ ስለሚዳርግ ፈጽሞ አይገባም።

ፈንግል

ጫጩቱን ከብርድ አድኖ ያሳደገ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ሊያጣ የሚችለው በፈንግል ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣና እጅግ ተላላፊ የሆነ በሽታ ነው። የታመመች ዶሮ ትደበታለች፣ በአፏ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ቅዘን ይይዛታል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል ወይም ክንፏና እግሯ ሽባ ይሆናል። ሕክምና የለውም፤ ብቸኛው መፍትሔ አስቀድሞ ማስከተብ ነው።

በኢትዮጵያ ለፈንግል ኤች ቢ 1፣ ላሶታና አይ-2 የሚባሉ ክትባቶች በሥራ ላይ ይውላሉ። ኤች ቢ 1 በመጀመሪያው ሳምንት በዐይን ጠብታ፣ ላሶታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ዕድሜ በሚጠጣ ውኃ ይሰጣል። አይ-2 ሙቀትን በተሻለ ስለሚቋቋም ከመንገድና ከማቀዝቀዣ ርቀው ለሚገኙ ቀበሌዎች ይስማማል፤ ለአንድ ዶሮ አንድ የዐይን ጠብታ ይበቃል። ሁሉም በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ መደገም አለባቸው። በሽታው የሚበዛው በክረምት መግቢያና የበዓል ገበያ በሚደራበት ጊዜ በመሆኑ ከክረምት በፊት በግንቦት፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት በነሐሴ፣ ከገና በፊት በኅዳር መጨረሻ፣ ከፋሲካ በፊት በየካቲት ማስከተብ ዓመቱን በአግባቡ ይሸፍናል።

አንድ የክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መጠን ይይዛል፤ ከተከፈተ በኋላም ለሌላ ቀን አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያላት አንዲት እናት ብቻዋን ብትጠይቅ ክትባቱን ማግኘት የሚያስቸግራት በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤቶች በአንድ ቀን ዶሮዎቻቸውን ለማስከተብ ተስማምተው በልማት ጣቢያ ሠራተኛ አማካይነት ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ቢያሳውቁ ግን ብልቃጡ ሳይባክን መንደሩ በሙሉ ይከተባል። ክትባቱ የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ብቻ ነው፤ መከላከያ ለመፍጠርም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ በሽታው ከገባ በኋላ መሯሯጥ አያድንም።

ፈንግል ሲነሣ ዶሮዎችን ፈጥኖ ወደ ገበያ ማውጣት በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። ይህ በሽታውን ከመንደር ወደ መንደር የሚያዛምተው ዋነኛ ምክንያት ነው። የታመሙት ተለይተው እንዲቆዩ፣ የሞቱት እንዲቃጠሉ ወይም ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት እንዲቀበሩ፣ ሁኔታውም ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአስቸኳይ እንዲነገር ያስፈልጋል።

የተሻሻሉ ዝርያዎችና ገበያ

በ2015 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ትኩረት ከሰጣቸው ዘርፎች አንዱ ዶሮ ነው። በክልሉ የሚሠራጩት የተሻሻሉ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ሳሶ፣ ኮኮክና ቦቫንስ ብራውን፣ ብዙ ጊዜ አርሶ አደሩ እጅ የሚደርሱት 45 ቀንና ከዚያ በላይ ሆኗቸው፣ የመጀመሪያ ክትባታቸውን ወስደው ነው። ከብርዱ ወቅት አብዛኛውን አልፈው ስለሚመጡ የጫጩት ሞትን ሥጋት ይቀንሳሉ፤ እንቁላላቸውም ከሀበሻ ዶሮ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን ይህ ምርት የሚገኘው የተመጣጠነ መኖ በየቀኑ ሲያገኙ ነው። አብዛኞቹም አይታቀፉም፤ ስለዚህ መተኪያቸው በየጊዜው በገንዘብ ይገዛል። ቤት፣ መኖና ክትባት ሳይዘጋጅ እነዚህን ዶሮዎች ማስገባትና የሀበሻ ዶሮዎችን ሸጦ መጨረስ የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብትን መጣል ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ፣ የሀበሻዋን ዶሮ ለማስታቀፊያነት መጠቀም ለብዙ ቤተሰብ የተሻለ አማራጭ ነው።

ሽያጭም እንደ እርባታው በዕቅድ ሊመራ ይገባል። የዶሮና የእንቁላል ዋጋ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ከፍ ይላል፤ በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታና በነቢያት ጾም ዝቅ ይላል። አውራ ዶሮዎችን ለበዓላቱ ማቆየት፣ የማይጥሉ አሮጌ ዶሮዎችን ጾም ከመግባቱ በፊት መሸጥ መኖ ከመባከን ያድናል። ከምርቱ የተወሰነው ለቤተሰቡ ምግብ፣ በተለይም ስድስት ወር ላለፋቸው ሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች እንዲቀር ማድረግም ያስፈልጋል።

የተጣለውን እንቁላል፣ የታቀፈውን፣ የተፈለፈለውን፣ የሞተውንና የተሸጠውን በአንድ ደብተር መመዝገብ ኪሳራው ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። ጫጩት ስምንት ሳምንት ሳይሞላው የሚያልቅበት ቤት ዶሮ ከመጨመሩ በፊት ሙቀቱን፣ መኖውንና ክትባቱን መፈተሽ አለበት። ለተጨማሪ ሙያዊ ድጋፍ በየቀበሌው የሚገኙ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትን፣ የእንስሳት ጤና ኬላዎችንና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችን ማነጋገር ይቻላል።